ቤቱ ተሰንጥቆ ሲገኝ፦ ዋጋ ማስቀነስ፣ ማስጠገን፣ ክፍያ ማስቀረት ወይስ መተው?

መሐንዲስ ቤቱን አይቶ «መሠረቱ ተንቀሳቅሷል» ብሎ ከጻፈ በኋላ በገዢው ፊት አራት መንገዶች አሉ፤ ዋጋ ማስቀነስ፣ ሻጩ አስጠግኖ እንዲያስረክብ መጠየቅ፣ ከክፍያው የተወሰነውን አስቀርቶ መዋዋል፣ ወይም ሌላ ቤት መፈለግ። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሰው ሳያመዛዝን የመጀመሪያውን ይይዛል። ደላላው «ትንሽ ያስተካክሉልዎታል» ይላል፤ ሻጩ ሁለት መቶ ሺህ ብር ይቀንሳል፤ ቀብድ ይከፈላል። የተቀነሰው ብር ከስንጥቁ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው የሚጠይቅ የለም።

ከአራቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንቅስቃሴው ቆሟል ወይስ ገና ነው? የቆመ ጉዳት ሊሰላ ይችላል፤ ከተሰላ ደግሞ ከዋጋ ይቀነሳል። ያልቆመ ጉዳት ግን በግንቦት የተሠራለት ሒሳብ ነሐሴ ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ስንጥቁን ማንበብ

አዲስ አበባ ላይ የቤት ስንጥቅ ሲነሣ አፈሩን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በቦሌና ከቦሌ ወደ ምሥራቅ በሚዘረጉ ብዙ ሰፈሮች መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ንቃቃትም ያወጣል። በየዓመቱ ሲነሣና ሲወርድ ላዩ ላይ የተቀመጠውን ቤት አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። እኩል ቢያነሣው ባልከፋ ነበር። በግቢው ጥግ ባሕር ዛፍ ካለ በዚያ በኩል ያለው አፈር ከሌላው ይበልጥ ይደርቃል፤ ሴፕቲክ ታንኩ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ በእሱ በኩል ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ይሆናል። ጠንቃቃ ሠሪ ጥቁር አፈሩን አስወጥቶ በገረጋንቲ ይተካዋል ወይም መሠረቱን እስከ ጠንካራው መሬት ያወርደዋል። ጥንቃቄ የሌለው ጥልቀት በሌለው የድንጋይ ግንብ ላይ ብሎኬት ይደረድራል፣ ይለስናል፣ ቀለም ቀብቶ ይሸጣል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጡ ችግሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያሰጋው ተዳፋቱና አፈሩን ደግፎ የያዘው ግንብ ነው። ግንቡ ወደ ውጭ ሆድ ካወጣ ቤቱን ከማየት በፊት እሱን ማስመርመር ይሻላል።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ብሎኬቱ ከኮለኑ (ከኮንክሪት ምሰሶው) ጋር በተገናኘበት መስመር ቀጥ ብሎ የወረደ ቀጭን ስንጥቅ በኮንክሪት አጽም በተሠሩ ቤቶች ላይ በብዛት ይታያል። ኮንክሪቱና ብሎኬቱ በተለያየ መጠን ስለሚኮማተሩ ልስኑ መገናኛው ላይ ይከፈታል። ሽቦ ተደርጎበት እንደገና ቢለሰን ያበቃለታል፤ በዚህ ተነሥቶ ሚሊዮን አስቀንሳለሁ የሚል ገዢም መሳቂያ ይሆናል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወጣ፣ ከታች ጠባብ ከላይ ሰፊ የሆነ ስንጥቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመሠረት ጉዳይ ነው። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ በሩ አልዘጋ ካለ፣ ሴራሚኩ ላይ ያስቀመጡት ብይ በራሱ ተንከባሎ ወደ አንድ ጥግ ከሄደ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ኮለን ወይም ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ) ላይ የዝገት ቀለም ከወረደ፣ ኮንክሪቱ ተፈንቅሎ ፌሮው (ውስጡ ያለው ብረት) ከታየ ደግሞ ነገሩ ከአፈር አልፎ ተሸካሚው አካል ላይ ደርሷል።

ዕድሜውንም ስንጥቁ ራሱ ይናገራል። ውስጡ ቀለም ገብቶ ከደረቀ፣ ካለፈው ቀለም ቅብ በፊትም ነበረ ማለት ነው። ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ንጹሕ ከሆነ ትኩስ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከሠተው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንጥቁ ሁሉ «የመንቀጥቀጡ ነው» ይባላል። አንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ከመንቀጥቀጡ በፊት የተቀባ ቀለም ውስጡ የገባበትን ስንጥቅ ግን ለፈንታሌ ማሸከም ድፍረት ነው።

እንቅስቃሴው መቆሙን ለማወቅ የቆየው ዘዴ አሁንም ይሠራል፤ በስንጥቁ ላይ ጄሶ አግድም ለጥፎ ቀን መጻፍ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው። ችግሩ ትርጉም ያለው መልስ የሚገኘው ዝናብና በጋ ሲፈራረቁ መሆኑ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ወራት አይጠብቅም። ስለዚህ መሐንዲሱ ከመሠረቱ ጎን የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ የአፈሩን ዓይነትና የመሠረቱን ጥልቀት እንዲያይ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ግቢውን ወደነበረበት እመልሳለሁ ብለው በጽሑፍ ቃል ይግቡ። መሐንዲሱ ጥገናውን ራሱ የሚሠራ ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ሥራውን የሚፈልግ ሰው ሥራ ማግኘቱ አይቀርም።

ዋጋ ማስቀነስ

ጉዳቱ የቆመ ከሆነ፣ ጥገናውም የሚታወቅ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ገንዘቡ በእጅዎ ይቀራል፤ ሠራተኛውንም ሲሚንቶውንም እርስዎ ይመርጣሉ። ቁም ነገሩ የሚቀነሰው ብር ከየት እንደመጣ ማሳየት ላይ ነው።

ለምሳሌ ሻጩ 18 ሚሊዮን ብር ጠየቁ እንበል። መሐንዲሱ የጓሮ መሠረቱን ማጠናከርና የተጎዱትን ግድግዳዎች መሥራት 1.5 ሚሊዮን ብር ይፈጃል አለ። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ያቆማል። ጥገናው አራት ወር ከፈጀና እርስዎ በወር 50 ሺህ ብር ተከራይተው ከጠበቁ 200 ሺህ ይጨመራል። መሠረት ሲቆፈር ያልታሰበ ነገር መውጣቱ የተለመደ ነው፤ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋም ባለበት አይቆምም፤ ለዚህ የጥገናውን 20 በመቶ፣ ማለትም 300 ሺህ ብር ይያዙ። ድምሩ 2 ሚሊዮን ነው። ጥያቄዎ ይህ ይሁን፤ የማይወርዱበት ወለል ደግሞ 1.7 ሚሊዮን ይሁን፤ ምክንያቱም ከዚያ በታች ከወረዱ በእርግጠኝነት የሚያወጡትን እንኳ አልሸፈኑም።

አሁን ሻጩ የሚያነሡት ክርክር ይመጣል፤ «ዋጋው የቦታው ነው።» በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ወረቀት ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ገበያው ግን ሌላ ቋንቋ ይናገራል፣ ሻጩም ይህን ያውቃሉ። ክርክሩን በአንቀጽ ለመርታት ከመሞከር በገበያው ቋንቋ መመለስ ይሻላል። በዚያው ሰፈር፣ በተመሳሳይ ስፋት፣ ፈርሶ የሚሠራ አሮጌ ቤት ያለበት ግቢ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁ። 13 ሚሊዮን ከሆነ፣ የእርስዎ ሻጭ ለቤቱ ብቻ የጠየቁት 5 ሚሊዮን ነው። የሚቀነሰው ከዚህ 5 ሚሊዮን ላይ ነው። ጥገናው ሁለት ሚሊዮን ከሆነ ንግግሩ ያስኬዳል፤ ጥገናው አምስት ከደረሰ ግን ቤቱ የለም፣ የሚገዙት ግቢ ነው፣ የማፍረሻውም ወጪ በእርስዎ ላይ ነው። በሌላ በኩል ሻጩ ከመጀመሪያውም የጠየቁት 13 ሚሊዮን ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ በስንጥቅ ምክንያት የሚቀነስ ነገር የለም።

ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«ጋሼ፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ፤ ባልወደው መሐንዲስ አላመጣም ነበር። ወረቀቱ ይኸውና፤ የጓሮው መሠረት መጠናከር አለበት ይላል።»

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ አንድ ቀን አስግቶኝ አያውቅም። ደግሞስ የሚሸጠው ቦታው አይደለም?»

«ለቦታው የጠየቁትን አልነካሁም። የምቀንሰው ቤቱን ለማስተካከል የማወጣውን ብቻ ነው። የሚያውቁት ባለሙያ ካለ ይምጣና ይይ፤ በአነስተኛ ዋጋ እሠራለሁ ካለ በእሱ ሒሳብ እንነጋገር።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሥራ ትሠራለች። ሻጩ ቤታቸው እንደተሰደበ መስሎ ይሰማቸው የነበረው ነገር የሁለት ግምት ማነጻጸር ይሆናል፤ በሁለቱ ግምት መካከል ያለውን ልዩነት መካፈል ደግሞ ለማንም አያሳፍርም። ሪፖርቱን በደላላው እጅ አይላኩ። ደላላው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ኮሚሽኑ በ2 በመቶ ቢታሰብ የአንድ ሚሊዮን ብር ቅናሽ ከእሱ ላይ የሚያጎድለው 20 ሺህ ብቻ ነው፣ ሽያጩ ከፈረሰ ግን ሁሉንም ያጣል። ስለዚህ የሚሠራው ለመስማማት ነው እንጂ ለእርስዎ ዋጋ አይደለም። ንግግሩ ሲቆም እንዲያስቀጥል ይጠቀሙበት፤ ቁጥሩን ግን ራስዎ ይናገሩ።

በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያስላ። ባንኩ ቤቱን በራሱ ባለሙያ አስገምቶ፣ ለምሳሌ የዋጋውን 70 በመቶ የሚያበድር ከሆነ፣ የ2 ሚሊዮን ቅናሽ ከእርስዎ መዋጮ የሚቀንሰው 600 ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው ከብድሩ ይቀነሳል። ጥገናው ግን 1.5 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈልጋል። በወረቀት ያሸነፉ መስሎዎት በተግባር ቤቱን ሳይጠግኑ ይገቡበታል። ለተበዳሪ ከዚህ ይልቅ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት መንገዶች ሊሻሉት ይችላሉ።

ሻጩ አስጠግኖ ያስረክብ

ሲሰማ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ለመሠረት ሥራ አልመክርም። ሻጩ ከሽያጩ በኋላ እዚያ ቤት አይኖሩም፤ የሚፈልጉት ቶሎና በርካሽ መጨረስ ነው። ስንጥቁ ተሞልቶ፣ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ማስረጃውም አብሮ ተቀብሯል። የሚቀጥለው ክረምት ካለፈ በኋላ ስንጥቁ ተመልሶ ሲመጣ «ጠግኜ አስረክቤያለሁ» የሚል ሰው እንጂ የሚጠግን አያገኙም።

ታይቶ የሚረጋገጥ ሥራ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። የተቀደደ አሸንዳ መቀየር፣ የጣሪያ ውሃ ከመሠረቱ ርቆ እንዲሄድ ማድረግ፣ የሚያፈስ ሴፕቲክ ታንክ ማሠራት፤ እነዚህ ጥቂት ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ በጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ውሃውን ከመሠረት ማራቅ ብቻውን ትልቅ መድኃኒት ነው። መሠረቱንም ሻጩ ያስጠግኑ የሚያሰኝ ግዴታ ከመጣ፣ መሐንዲስዎ ቁፋሮው ክፍት ሳለና ፌሮው ታስሮ ኮንክሪት ሳይፈስበት እንዲያየው በውሉ ላይ ይጻፍ። ልስን ከተለሰነ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ለፎቶግራፍ ካልሆነ አይጠቅምም።

ከክፍያው ማስቀረት

እንቅስቃሴው ይቁም አይቁም ያልታወቀ፣ ቤቱ ግን የሚያጓጓ ከሆነ የምመርጠው ይህን ነው። ስምምነቱ እንዲህ ነው፤ ዋጋው ይቆረጣል፣ ከእሱ ላይ ለምሳሌ የጥገናው ግምት ያህል እስከ ጥቅምት 30 ይቆያል፤ ክረምቱ አልፎ መሐንዲሱ ጄሶው አለመሰበሩን ካረጋገጠ ለሻጩ ይለቀቃል፣ ከተሰበረ ለጥገና ይውላል።

ሻጮች አይወዱትም፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ስም ከዞረ በኋላ ገዢው ገንዘቡን ልያዘው ቢል ሻጩ በምን ያስገድዱታል? ገዢውም በተራው ሁሉን ከፍሎ ማን ይመልስልኛል ይላል። ብሩን በገዢው ኪስ ማስቀረትም በሻጩ እጅ ማስቀመጥም መተማመንን ይፈታተናል። የተሻለው በሁለቱም ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ነው። በሽማግሌ እጅ በአደራ የሚያስቀምጡም አሉ፤ ሽማግሌው የተከበሩ ከሆኑ ይሠራል፣ ነገር ግን በሁለት ሰዎች ጠብ መካከል አንድ ሚሊዮን ብር ይዞ መቀመጥ ለሽማግሌም መልካም አይደለም። በየትኛውም መንገድ፣ የሚለቀቅበት ቀን፣ የሚፈርደው ባለሙያና መለኪያው በውሉ ላይ ይስፈሩ። «ችግር ካለ እንነጋገራለን» የሚል ውል የሚቀረው ለጠብ ብቻ ነው።

መተው

ኮለን ላይ ፌሮው ዝጎ ካበጠ፣ ስንጥቁ በመሐንዲሱ ሁለት ጉብኝት መካከል ከሰፋ፣ ወይም ሻጩ የሙከራ ጉድጓድ በፍጹም አይቆፈርም ካሉ ትተው ይሂዱ። የመጨረሻው በተለይ። ስለ ቤታቸው የሚተማመኑ ሰው ለአንድ ሜትር ጉድጓድ ይህን ያህል አይሟገቱም። ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ፎቅ የተጨመረበትም ቤት ከዚሁ ይመደባል፤ መሠረቱ ያልታሰበለትን ክብደት ተሸክሟል፣ ችግሩ ከመሐንዲስ አልፎ ወረዳም ይደርሳል። ጋራ ሕንፃ ላይ ያለ አፓርታማ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ምድር ቤት ያለውን ኮለን የሚያስጠግኑት ብቻዎን አይደለም፤ ጎረቤቶች ካልተስማሙ ሻጩ የቀነሱልዎት ብር ምንም አያድንም።

የመተው ዋጋ የሚወሰነው ቀብድ ከፍለዋል ወይስ አልከፈሉም በሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ መሐንዲሱ ከቀብድ በፊት ይግባ። ሻጩ «ሌላ ገዢ አለ» ብለው ካጣደፉዎት ቀብዱ ትንሽ ይሁን፣ «በመሐንዲስ ምርመራ የመዋቅር ጉዳት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃልም ይግባበት። ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ማለቱ ለዚህ በር ከፍቷል።

አሜሪካ ሆነው በወንድም ወይም በእህት ውክልና የሚገዙ ወገኖች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ቤት የገዛ ሰው፣ ምርመራው መጥፎ ሲወጣ ተይዞ የነበረውን ገንዘብ አስመልሶ መውጣት የሚያስችል አንቀጽ በውሉ ማስገባትን ለምዷል። አዲስ አበባ ላይ ግን ማንም አይጽፍልዎትም፤ ካልጻፉት የለም። ተወካዩ ዋጋ የመቀነስና ውሉን የመተው ሥልጣን በውክልናው ላይ በግልጽ ይሰጠው፤ አለበለዚያ ሪፖርቱን ይዞ ሻጩ ፊት ሲቀመጥ የሚለው ነገር አይኖረውም።

ወደ ውል ሲኬድ

ሪፖርት ማስጻፍ አንድ ዋጋ አለው፤ ገዢው ዐውቆ ለገዛው ጉድለት ሕጉ ሻጩን ተጠያቂ አያደርግም። ሪፖርቱን አንብበው ዝም ብለው ከፈረሙ፣ በኋላ «ጉዳቱን ደብቀውኛል» ማለት አይችሉም። በሌላ በኩል ሻጩ ዐውቀው የደበቁት፣ ሪፖርቱም ያልደረሰበት ጉድለት ካለ፣ ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ቃል መኖሩ ብቻ አያድናቸውም። ስለዚህ ሪፖርቱ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ የትኛው ጉዳት በዋጋ እንደተቀነሰ፣ የትኛውን ሻጩ እንደሚሠሩ በስም ይጠቀስ።

ሌላው በየቤቱ የሚሰማው ምክር ነው፤ «ለታክሱ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፈው።» ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ስንጥቅ ላለበት ቤት በእጥፍ ይጎዳል። ቤቱን 16 ሚሊዮን ገዝተው ውሉ ላይ 6 ሚሊዮን ከጻፉ፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት በወረቀት የሚያየው ስድስቱን ነው። የተደራደሩበት የ2 ሚሊዮን ቅናሽም የትም አይታይም።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነና ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተደረገ ስለማይጸና፣ የተነጋገራችሁት ሁሉ ውልና ማስረጃ ከመግባታችሁ በፊት በረቂቁ ላይ ይግባ። የሻጩ ባለቤት ፈቃድ፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ፣ ካርታውና ቤቱ መመሳሰላቸው በዚያው ቀን ይጣራሉ። ክፍያው በሁለት ሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ አንዱ ለሻጩ የሚሰጠው፣ ሁለተኛው በጋራ ፊርማ ወደሚንቀሳቀሰው ሒሳብ የሚገባው።